በደጋ ቤት ውስጥ በደንብ መተንፈስ፦ የሰውነታችንን ኦክስጅን የምንጠብቅባቸው የየዕለት ልማዶች

ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ ጣርማ በር፣ አንኮበር ያለን ሰዎች በአየራችን እንኮራለን። ውጭው እውነትም ንጹሕ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ሰው በሩን ጠርቅሞ፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፎ፣ ማንደጃውን መሐል አድርጎ ይቀመጣል። ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው አየር ያኔ የተራራው አየር አይደለም።

ኦክስጅን ሰውነታችን ጋ እንዲደርስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ጥሩ አየር፣ ያልታፈነ ሳንባ፣ ኦክስጅኑን የሚሸከም በቂ ደም። ጤነኛ ሰው ደሙ ቀድሞውኑ ከሞላ ጎደል በኦክስጅን የተሞላ ነው። ስለዚህ «ኦክስጅን ይጨምራል» እየተባለ የሚወራ ሻይ ወይም ቅጠል አትፈልጉ። የእኛ ሥራ ከሦስቱ አንዱንም የሚያደናቅፈውን ነገር ማስወገድ ነው።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ጅቡቲም 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህል ይሆናል። ደገኛ ግን ይህን ለምዶታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ፣ የደማቸውን ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ አካባቢ አግኝቶታል። ስለዚህ ከፍታውን እንተወውና ወደ ማንደጃው እንሂድ።

አንደኛ፦ ከሰሉን አስተካክሉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሚኒባስ ውስጥ ወንበሩን ሁሉ ይዞ አልወርድም እንዳለ ሰው ነው። ኦክስጅኑ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀለት፣ ፍም ከሆነ ችግር የለውም» ይላል። ይሄ ነው ሰው የሚጨርሰው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ጋዙን ያወጣል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም አያድንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ። ሙሉ ለሙሉ ሳይያያዝ፣ ጥቁሩ ሳይጠፋ ወደ ቤት አይግባ። ይህ ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን እንደማያጠፋው ግን አትርሱ።

2. ማንደጃው ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ በሩም መስኮቱም ገርበብ ይበል። አንዱ ብቻ ከተከፈተ አየሩ በደንብ አይዘዋወርም። አንድ ወገን ሲገባ በሌላው ወገን መውጣት አለበት። ይበርዳል፣ አውቃለሁ። ጋቢ ደርቡ እንጂ አትዝጉት።

3. ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ደጅ ይውጣ። ሳሎን ወይም ኮሪደር ላይ ማስቀመጥ ማውጣት አይደለም።

4. እሳት ዳፍኖ ማሳደር የቆየ ልማዳችን ነው። ለጠዋት እሳት ይቆጥባል፣ ክብሪት ያስቀራል። ነገር ግን አመድ የለበሰ ፍም አልጠፋም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ እየነደደ ነው። የምትዳፍኑ ከሆነ ሰው የማይተኛበት ማድቤት ውስጥ ዳፍኑ።

5. ሙቀቱን ከሌላ ቦታ አምጡ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ አልጋው ላይ የመንዝ ባና። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉት። ለሰዓታት ያሞቃል።

አራስ ያለበት ቤት ላይ ልዩ አደራ አለኝ። «ብርድ ይመታታል» ተብሎ አራሷና ሕፃኑ ከማንደጃ ጋር ይዘጋባቸዋል። ታስቦ ነው የሚደረገው፣ ከፍቅር ነው። ግን ሕፃኑን የሚያሞቀው የእናቱ ደረት ነው። ልብሱን አውልቃችሁ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጉትና ሁለቱንም ከላይ በጋቢ ሸፍኗቸው። ኮፍያና ካልሲ ይደረግለት። የሕፃኑ ፊት ግን አይሸፈን።

ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ፣ በተለይ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው እኩል ከተሰማው፣ ጋዙ ነው ብላችሁ ተነሡ። በሩን ክፈቱ፣ ሁሉንም ሰው ደጅ አውጡ። ለከፋ ነው፣ ቡዳ ነው እየተባለ ሰዓት አይባክን። ጸበሉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ንጹሕ አየር። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ጤና ተቋም ሄዶ ኦክስጅን ማግኘት አለበት። «አሁን ተሽሎኛል» ቢልም ይታይ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች።

ሁለተኛ፦ ማድቤቱን ተመልከቱ

ወደ ማድቤታችሁ ግቡና ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ። ጥቀርሻው ምን ያህል ነው? ያ ጣራ ላይ የተለጠፈው በእናታችሁና በእህታችሁ ሳንባ በኩልም አልፏል። ዓይን ማስለቀሱ ብቻ አይደለም ችግሩ። የጭስ ብናኝ የአየር ቧንቧን እያስቆጣ፣ እያጠበበ ይሄዳል። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ እናት በስልሳ ዓመቷ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ጭስ ካለ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

መጀመሪያ ማገዶው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ያልደረቀ ኩበት ከሁሉ የባሰ ጭስ አላቸው። ኩበቱን በበጋ በደንብ አድርቃችሁ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ከምሩት። እንጨቱን ፈልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ክረምት ላይ የነገውን ማገዶ ዛሬ ማታ ወደ ውስጥ ማስገባት ብቻውን ለውጥ አለው።

ቀጥሎ የጭሱ መውጫ። በግድግዳውና በጣራው መካከል ክፍተት ከሌለ አውጡለት። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዳዳው ከምድጃው ወገን፣ ከላይ መሆን አለበት። መሥራቱን ለማወቅ ጭራሮ ለኩሱና እፍ ብላችሁ አጥፉት። የሚጤሰውን ጫፍ ምድጃው አጠገብ ያዙና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ። ወደ ቀዳዳው ካዘነበለ ጥሩ ነው። ፊታችሁ ላይ ከተመለሰ በተቃራኒው ወገን ዝቅ ብሎ አየር የሚገባበት ክፍተት ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ የጭስ ማውጫ ቱቦ ለአንድ ብየዳ ሠራተኛ ትንሽ ሥራ ነው።

ሦስት ጉልቻ ላይ የምትጋግሩ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለውን ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ አስቡበት። እሳቱን ስለሚሸሽገው ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ጭሱን ግን ጨርሶ አያጠፋውም፣ መውጫው አሁንም ያስፈልጋል። መብራት ያላችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉም ይሻላል። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ካወቃችሁት የመጋገሪያውን ቀን በዚያው መጠን ማስተካከል ነው።

የማብሰያውን ሰዓት ማሳጠርም ጭስ መቀነስ ነው። ባቄላውንና ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፉት። ድስቱን ክደኑት።

ጋገራ ላይ ያለች እናት ልጇን አዝላ አትጋግር። ሰው ካለ ይያዝላት። አባወራም፣ አያትም፣ ታላቅ ልጅም ለዚያች ሰዓት ሕፃኑን ደጅ ይዞ መቆየት ይችላል። ይህ ብዙ ቤት ውስጥ ከምድጃ መቀየር የበለጠ ቶሎ የሚሠራ ነገር ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ቡና ስትቆሉ በሩ ይከፈት። ዕጣኑም ሰንደሉም ይጢስ፣ ግን በተዘጋ ክፍል አይሁን። አስም ያለበት እንግዳ ካለ ደግሞ ዕጣኑ ለዛሬ ይቅር።

ደጅም ቢሆን ገብስና ስንዴ ሲወቃ ብናኙ ቀላል አይደለም። በመንሽና በላይዳ ስታዘሩ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። አፍና አፍንጫን መሸፈኛ ጭንብል ካለ አድርጉት፣ ከሌለ ነጠላ ከምንም ይሻላል። ሲጋራና ሺሻ ላይ ብዙ አልልም። ሁለቱም ያንኑ የከሰል ጋዝ በቀጥታ ወደ ሳንባ ማስገባት ናቸው። ይተው።

ሦስተኛ፦ ደሙን መግቡት

ሳንባ ጤነኛ ሆኖ ደም ካነሰ ኦክስጅኑን የሚሸከመው የለም። ደም ማነስ ያለበት ሰው በጣት መለኪያ (ጣት ላይ ተሰክታ የደምን ኦክስጅን በመቶኛ በምታሳየው ትንሽ መሣሪያ) 96 ሊያነብ ይችላል፣ ግን ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ይደክመዋል። መለኪያው የሚያሳየው ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህል እንደተሞላ ነው፣ ሄሞግሎቢኑ በቂ መሆኑን አይደለም።

ገበታችን በዚህ አይታማም። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን ብረት አላቸው። እንጀራው መቦካቱ ራሱ ብረቱ በቀላሉ እንዲወሰድ ያግዛል። ከእህል የሚገኘው ብረት ግን እንደ ሥጋና ጉበት ቶሎ አይወሰድም። የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ። ሽሮው ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ይጠጋው። በጾም ወራት ይህን አትዝለሉ፣ ሥጋና እንቁላል የለማ።

አሁን ወደ ቡናው። ገበታው ሳይነሳ ረከቦቱ የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ቡናውን ማንም አይከለክላችሁም። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፣ በቃ። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በክትትል ጊዜ የሚሰጠውን የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብልም በቡና ወይም በሻይ አትዋጡት፣ በውሃ ነው።

ሸዋ ሮቢትና አካባቢው፣ ወደ ቆላው ያላችሁ፣ ሌላ ሁለት ነገር ጨምሩ። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። አጎበር ውስጥ ተኙ፣ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ተመርመሩ። እንዲሁም በባዶ እግር መሄድ ይቁም። የመንጠቆ ትል በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ደም ይመጥጣል።

አራተኛ፦ የጣት መለኪያውን በትክክል ተጠቀሙ

ከኮሮና ወዲህ ይህች ትንሽ መሣሪያ ብዙ ቤት ገብታለች። ጥሩ ናት፣ አጠቃቀሟ ካልታወቀ ግን ታሳስታለች። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ የደነዘዘ ጣት ላይ ብትሰኳት የሌለ በሽታ ታሳያችኋለች።

እጃችሁን አሻሹ፣ በለብ ያለ ውሃ ታጠቡ፣ እስኪሞቅ ጠብቁ። ጥፍር ላይ ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ ካለ ያልተቀባ ጣት ፈልጉ። አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ። እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ወይም ደረታችሁ ላይ አሳርፉ። አታውሩ፣ አትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ የሚመጣውን ቁጥር ተዉት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲረጋ የሚቆየውን ያዙ።

ጤነኛ ሆናችሁ ሳለ ለጥቂት ቀናት ለኩና ደብተር ላይ ጻፉት። የእናንተ የተለመደ ቁጥር እሱ ነው። ቆላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 95 እና ከዚያ በላይ ነው። በእኛ ከፍታ ጤነኛ ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ከለመዳችሁት በግልጽ ከወረደና ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ። በትክክል ተለክቶ ከ90 በታች ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ትንሽ አስበልጦ ሊያነብ እንደሚችልም እወቁ። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ነው እያለ ሰውየው ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰውየውን እመኑ።

በከሰል ጋዝ የተመታ ሰው ላይ ደግሞ ጭራሽ አትመኑት። መሣሪያው ጋዙን ከኦክስጅን አይለየውም። ሰውየው እየሞተ 98 ሊያሳይ ይችላል።

አምስተኛ፦ እግር፣ ትንፋሽ፣ እንቅልፍ

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ልብንና ጡንቻን ኦክስጅን አጠቃቀም ያስተምራል። መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ላይጨምር ይችላል፣ ዳገቱ ግን ይቀልላችኋል። ልኩ እየሄዳችሁ ማውራት መቻላችሁ ነው። ማውራት ካቃታችሁ ቀስ በሉ። ሲያርስና ሲያጭድ ለሚውል ሰው ይህ ምክር አይደለም። ለቢሮ ሰው ነው፣ ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ ለሚይዘው።

ከባሕር ዳርቻ አገር ወይም ከቆላ የመጣ እንግዳ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አታስሩጡት። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ ያለው ልዩነት 1,500 ሜትር ያህል ነው። መንዝ ጓሳን ለማየት ጉጉት ካለው ይቆይ፣ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። አረቄውም ይቆይ።

የቆየ የሳንባ ችግር ወይም አስም ያለበት ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ይህን ይልመድ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ። በአፍንጫው ቀስ ብሎ፣ አንድ ሁለት እያለ ያስገባ። ከዚያ ከንፈሩን አሹሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት እያለ ያስወጣ። ማስወጫው ከማስገቢያው መርዘም አለበት። ዋናው ጥቅሙ የታፈነውን አየር ማስወጣቱ ነው። የታዘዘለትን የሚነፋ መድኃኒት ግን አይተካም። የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንም የተዘጋ አፍንጫ ያቀልል ይሆናል እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም። ልጅ የፈላ ውሃ ላይ ጎንበስ አይበል፣ የሚቃጠል ልጅ አለ።

ማታ በጣም የሚያንኮራፋ፣ መሐል ላይ ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንጋጤ የሚነቃ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ካለ እንደ ቀልድ አትዩት። በጎኑ ይተኛ። ማታ አረቄና ጠላ ይተው። ሐኪም ይየው።

መቼ ነው ቤት መቀመጥ የሌለባችሁ?

ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ያቃተው፣ ደረቱን የሚጨንቀው፣ የተምታታበት ሰው ወዲያው ይሂድ። ኦክስጅን ሲያንስ የሚመጣው የቀለም ለውጥ በእኛ ቆዳ ላይ ከውጭ በደንብ አይታይም። ከንፈሩን ገልብጣችሁ ውስጡንና ምላሱን እዩ። ወደ ሰማያዊ ወይም አመዳም ካደላ አትጠብቁ።

ልጅ ላይ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም መጥባት እምቢ ካለ፣ አደገኛ ነው። ጤና ኬላው ቅርብ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋ ሂዱ፣ እሷ ትልካችኋለች። የሳንባ ምች ክትባቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት አለ፣ አያምልጠው።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም ሕክምናውም በነጻ ነው።

ሐኪም ኦክስጅን አዝዞለት ቤት ውስጥ የሚጠቀም ሰው ካለ በዚያ ክፍል ሻማ፣ ጧፍ፣ ማንደጃ፣ ሲጋራ አይኑር። እሳቱ ይባባሳል።

የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ዛሬውኑ መዝግቡት። በሽተኛውን ስትወስዱ አታጋድሙት፣ ራሱን ካልሳተ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። የአንገቱን ጥምጥምና ቀበቶውን አላሉ፣ የመኪናውን መስኮት ክፈቱ። ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ይህን ይሁን፦ መቼ እንደጀመረው፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ያደረበት ክፍል ውስጥ ከሰል ነበረ ወይ።